ሠሪው ለራሱ ዳኛ አይሁን

አገር ውስጥ ስለተሠራ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ሁለት ስሞች ይቀድማሉ። አንዷ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረችው «ፀሐይ» ናት። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሠራት፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ተጠራች፤ ጣሊያን አገሩን ሲወርር ማርኮ ወሰዳት፤ ለረጅም ዘመን በጣሊያን ሙዚየም ቆማ ከኖረች በኋላም በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ሁለተኛዋ የአስመላሽ ዘፈሩ «ኬ-570ኤ» ናት። በኅብረተሰብ ጤና ተመርቆ ልቡ ግን በረራ ላይ የቀረው ይህ ወጣት መጻሕፍትና የኢንተርኔት ቪዲዮ እያገላበጠ፣ ከእንጨትና ከአሮጌ ቮልስ ሞተር አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን። በ2008 ዓ.ም. ወሬው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ሲናኝ ሁሉም ያደነቀው ድፍረቱን ነበር። ይገባዋልም። ሆኖም የእሱን መንገድ ለመከተል ለሚያስብ ወጣት ከድፍረት የሚቀድም ነገር አለ። በቤት የሚሠራ አውሮፕላን ደኅንነቱ የሚገኘው ሠሪው ሥራውን «አይሆንም» ሊለው ለሚችል ነገር አሳልፎ ሲሰጥ ነው፦ ለሸክም፣ ለሚዛን፣ ለአየሩ፣ ለሜዳውና ለሌላ ሰው ዓይን።

ሥራው በዓለም እንግዳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፖል ፖበረዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቋቋመው የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ዛሬም አለ። የአገሩ ሕግ አንድን አውሮፕላን «በአማተር የተሠራ» የሚለው ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ግለሰቦች ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በራሳቸው እጅ ሲሠሩት ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ከፋብሪካ በከፊል ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኪት ገዝቶ መገጣጠም፣ ሌሎች ሠርተው ያበረሩትን ንድፍ ገዝቶ ከባዶ መሥራት፣ ወይም ንድፉንም ጭምር ከራስ ማፍለቅ። የደኅንነቱ ጉዳይ የሚጀምረው ገና እዚህ ምርጫ ላይ ነው። በብዙ ሰዎች እጅ ተሠርቶ የበረረ ንድፍ ስሕተቶቹ አስቀድመው ታውቀው ታርመዋል፤ አዲስ ንድፍ ግን ስሕተቱን የሚያሳየው አብራሪው ላይ ነው። «ፀሐይ»ም ብትሆን ከዜሮ አልተነሣችም፤ ሜይንድል ፋን ኔስ የተባለውን የኦስትሪያ አውሮፕላን መሠረት ያደረገች፣ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ሞተር የተገጠመላት ነበረች።

እንጨቱን እንመልከት። ለክንፍ ተሸካሚ አግዳሚ የሚሆን እንጨት ጅማቱ ቀጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለው፣ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ለቤት ጣሪያ የሚበቃ የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ጣውላ ለክንፍ ላይበቃ ይችላል፤ ጅማቱ ትንሽ ወደ ጎን ካዘነበለ ጥንካሬው በእጅጉ ይወርዳልና። ሙጫውም እንዲሁ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በየዕለቱ ሙጫ በቀላቀለ ቁጥር ከዚያው ቅልቅል ሁለት ቁራጭ እንጨት ያጣብቃል፤ ቀን ጽፎባቸው ያስቀምጣል፤ ሲደርቁ በመዶሻ ወይም በሞርሳ ይሰብራቸዋል። እንጨቱ ተቀዶ ሙጫው ከያዘ ሥራው ደኅና ነው። ስብራቱ በሙጫው መስመር ላይ ለስልሶ ከተላቀቀ ግን የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይፈርሳል። ቀጥሎ የክንፉ ሸክም ይመጣል። ቀላል አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ የሚነደፉት የራሳቸውን ክብደት 3.8 እጥፍ ጎብጠው ሳይቀሩ እንዲችሉ ነው። አብራሪውንና ነዳጁን ይዞ 300 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ክንፉ 1,140 ኪሎ ሊሸከም ይገባዋል ማለት ነው፤ ከ11 ኩንታል በላይ። ለሙከራው ክንፉ ተገልብጦ ይታሰራል፤ አሸዋ በጆንያ እየተመዘነ በስፋቱ ይደረደርበታል፤ ጫፉ ምን ያህል እንደጎበጠ ይለካል፤ አሸዋው ሲነሣ ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል። አሸዋ ወዳጅነት አያውቅም፤ ሠሪው ስንት ሌሊት እንደደከመም አይጠይቅም።

ሞተሩ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቀላልና በርካሽ የሚገኝ በመሆኑ በብዙ አገር የቤት ሠሪዎች መርጠውታል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰዓትም በርሯል። መኪና ላይ ግን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ከመነሣት እስከ ከፍታ መያዝ ያለማቋረጥ ይሰጣል። ስለዚህ ቴስታታው ከመጠን በላይ ይግላል። ክራንክ ሻፍቱም ፕሮፔለር ሲታሰርበት ለመኪና ያልታሰበለትን መጎተትና መጠማዘዝ ይሸከማል። አንድ የካንዴላ መስመር ብቻ ካለው ያ መስመር ሲቋረጥ ሞተሩ ይጠፋል። ይህን ያወቁ ሠሪዎች ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን የሻፍት ጫፍ በተጠናከረ ይተካሉ፤ ሁለተኛ የእሳት መስመር ይጨምራሉ፤ የቴስታታውን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ይገጥማሉ፤ ከበረራ በፊትም ሞተሩን መሬት ላይ አስረው ለሰዓታት ያስነሡታል።

ቦታ የሚባለው ነገር ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እንደ ሱሉልታ ያለ የደጋ ሜዳ ነው፤ ሰፊና ቅርብ ነውና። ነገር ግን ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ወደ 71 ከመቶ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ 3,500 ሜትር ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። በወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ የሚሰጠው 27 ገደማ ነው። ክንፉም መንሳፈፍ የሚጀምረው ፍጥነቱ በ19 ከመቶ ሲጨምር ነው። አሁን ወደ ጨፋ ሮቢት እንውረድ። በከሚሴ አካባቢ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ 1,450 ሜትር ግድም ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ 15 ዲግሪ ላይ፣ ያው ሞተር 33 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የስድስት ፈረስ ልዩነት ለትልቅ አውሮፕላን ምንም አይደለም፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ አውሮፕላን ግን ከመሬት ተነሥቶ ከፍ ማለትና መውጣት አቅቶ ዛፍ ላይ መድረስ የሚለዩበት ነው። በአንጻሩ በዚያው በጨፋ፣ በቀትር፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ሳስቶ አውሮፕላኑ 2,300 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሆናል፤ ይህም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ነው። ስለዚህ «ቆላ ወርደናልና አያሳስብም» ማለትም አያዋጣም። ሰዓቱም እንደ ቦታው ይመረጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ጨፋ ባዶ ሜዳ አይደለም። ክረምት ሲመጣ ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን ያረጥበዋል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ለሣሩና ለውሃው ይመጣሉ። ረግረጉ የውሃ ወፎች መኖሪያ ነው፤ ይብራ ወይም ሳቢሳ የሚመታው ቀጭን የእንጨት ፕሮፔለር ደግሞ አይተርፍም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መከራከሪያዬንም ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ማንደርደሪያ አይሆንም፤ የአካባቢው ሽማግሌ፣ እረኛውና የወረዳው አስተዳደር ሳይስማሙ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ ማንም ሊነሣበት አይገባም። ራይት ወንድማማቾች እንኳ ኪቲ ሆክን የመረጡት የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት የመዘገበውን የነፋስ ፍጥነት አጥንተው፣ ቢወድቁ የሚቀበላቸው አሸዋ ፈልገው ነው። «ራይቶች ማን መረመራቸው?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 በነፋስ ዋሻ 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ፤ በ1902 በተንሸራታች ከ700 ጊዜ በላይ በረሩ፤ ሞተር የገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው። መርማሪ ባያገኙ ፈተናውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

የውስጡ ዕቃ አገጣጠምም ከክንፉ ያላነሰ ይገድላል። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ የሞተው በአማተር በተሠራ ሎንግ-ኢዚ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላኑን የገዛው ከሌላ ሰው ነበር። ንድፉ የነዳጅ ታንክ መቀየሪያውን ቫልቭ ከአብራሪው ፊት አድርጎታል። ሠሪው ግን ከግራ ትከሻ ኋላ ገጠመው፤ ምልክትም አልጻፈበትም። አንዱ ታንክ ሲያልቅ አብራሪው ወደ ኋላ ዞሮ እጁን መዘርጋት ነበረበት። መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ ሲዞር ሳያውቀው የቀኝ እግሩን ፔዳል ገፋ፤ አውሮፕላኑ ከቁጥጥሩ ወጣ። ነዳጁን በቅጡ ሳይሞላና ለዚያ አውሮፕላን በቂ ልምምድ ሳያደርግ መነሣቱም ከምክንያቶቹ ተቆጥሯል። ቫልቩ አልተሰበረም፤ የተበላሸው ቦታው ነው። ሠሪው እጁ ስለለመደው የማያየውን እንዲህ ያለ ነገር አዲስ ሰው አብራሪው ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ቀበቶውን ቢያስርና «ነዳጁን ቀይር» ቢባል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። ነዳጅ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ የሚወርድ ከሆነም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሽቅብ ተነሥቶ፣ ቱቦው ካርቡራተሩ ጋ ተፈትቶ፣ የሚወርደው ነዳጅ በዕቃ ይለካል፤ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚጠጣው አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። ሚዛኑም ቀላል ነው፤ እህል የሚመዘንባቸው ሦስት ሚዛኖች በሦስቱ ጎማዎች ሥር ይገቡና የክብደቱ ማዕከል ይሰላል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ላይመለስ ይችላልና ይህ ስሌት ሳይጠናቀቅ ሞተር አይነሣም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት ነገሩን በቁጥር ያሳያል። በአማተር የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሩ አነስተኛ አውሮፕላኖች 10 ከመቶ ያህል ቢሆኑም በ2011 ከደረሱት አደጋዎች 15 ከመቶውን፣ ሰው ከሞተባቸው ደግሞ 21 ከመቶውን ይዘዋል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሞተር መጥፋትና አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ማቃቱ ነበሩ፤ ብዙው አደጋም የሚደርሰው አውሮፕላኑ ገና አዲስ ሳለ ነው። ከዚህ ቁጥር «ይከልከል» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ አለ፤ እኔ ግን አደጋው የተከማቸበትን ቦታ ነው የማየው። አደጋው የተከማቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በታወቁ ጥቂት ምክንያቶች ላይ ከሆነ መከላከያውም እዚያው ይከማች። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አዲስ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሰዓት መንገደኛ ሳይጭን፣ ሰው ከሚኖርበት ርቆ እንዲፈተን የሚገደደው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን በረራም ሠሪው ራሱ ማድረጉ ግዴታ አይደለም፤ ሠርቶ ማወቅና አብርሮ ማወቅ ሁለት ሙያ ናቸው።

የቀረው ተቃውሞ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «ቢሮክራሲ ወጣቱን ያፍነዋል» ይላል። የሚያፍነው ግን መንገድ አለመኖሩ ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ተደብቆ ይሠራል። የተጻፈ መስፈርትና ሥራው በየደረጃው፣ ክንፉ በሸራ ከመሸፈኑ በፊት የሚታይበት ሥርዓት ካለ ግን ወጣቱ የት እንደቆመ ያውቃል። ሌላው «ገበሬው ትራክተር ሳያገኝ አውሮፕላን ምን ይሠራል?» ይላል። ሙጫ መፈተን፣ ሸክም ማስላት፣ ነዳጅ መለካት፣ የሠሩትን በወረቀት መመዝገብ ግን ለትራክተሩም፣ ለውሃ ፓምፑም፣ ለእህል ወፍጮውም የሚሆን ሙያ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከከሚሴም ከጨፋ ሮቢትም ሩቅ አይደለም። መምህራኑ የአንድን ወጣት ክንፍ በአሸዋ ቢፈትኑለት፣ ልምድ ያለው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ መዝገቡን ቢያይለት፣ ባለሥልጣኑ ቦታና ሰዓት ቢወስንለት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟላ ማለት ይቻላል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ እንደ አስመላሽ ያለ ብርቱ አገሩ አላጣችም። የጎደለው ከጎኑ ቆሞ ሥራውን የሚፈትንለት ሁለተኛው ሰው ነውና እሱን ማቆም የዩኒቨርሲቲውና የባለሥልጣኑ ድርሻ ነው። ሠሪውም ያ ሰው ሳይመጣና ሳይፈርም ሞተር ላለማስነሣት ከራሱ ጋር ቃል ይግባ።