ቴሌስኮፑ ለምን አንገቱን ይደፋል?

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ መካኒሳ ግቢ ውስጥም ሆነ ከፎቅ ላይ ለልጆች ጨረቃን ለማሳየት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። አሜሪካዊው ጆን ዶብሰን በወፍራም የካርቶን ቱቦና በጣውላ የሚሠራ፣ ተሸክመው የሚያወጡት ቴሌስኮፕ ለዓለም አስተምሯል። ቤት ውስጥ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሚዛኑ ነው።

መሬት ስለምትዞር ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች። ስለዚህ ቱቦውን በየጊዜው በጣት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። እጅ ሲለቀው አንገቱን የሚደፋ ከሆነ፣ አያት አስተካክለው ዞር ሲሉ ልጁ «አባባ፣ ጠፋችብኝ!» ይላል። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ልጁ ተሰላችቶ ወደ ቤት ይገባል። ብሎኑን ማጥበቅም አይበጅም፤ ቱቦው ሲገፉት እምቢ ይልና ድንገት ይዘላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስተዋቱንና የዓይን ሌንሱን ጨምሮ ሁሉንም ዕቃ ቱቦው ላይ ይግጠሙ። ከዚያ በመጥረጊያ እንጨት ላይ አጋድመው፣ እንደ ገበያ ሚዛን ወዲህም ወዲያም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጉና ምልክት ያድርጉ። ግራና ቀኝ የሚደገፍበት መሽከርከሪያ የሚገጠመው እዚያ ላይ ነው።

በኋላ ከበድ ያለ ሌንስ ቢቀይሩስ? ከመሽከርከሪያው 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተጨመረ 100 ግራም፣ በመስተዋቱ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ 300 ግራም ይፈልጋል። በካልሲ የተቋጠረ አሸዋ ይበቃል።

በመጨረሻም ቱቦውን ዝቅ፣ መካከለኛና ከፍ አድርገው እየለቀቁ ይፈትኑ። ሲጋደም ጸንቶ ቀና ሲል ወደ ኋላ የሚወድቅ ከሆነ፣ ከላይ በኩል ክብደት በዝቷል፤ በሆዱ በኩል ጥቂት ይጨምሩ።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተተከሉት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖችም ሚዛን መጠበቅ ግድ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደታየው ዓይነት የፀሐይ ግርዶሽ ቢመጣ እንኳ፣ ፊቱ ላይ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ሳይኖር ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አያዙሩ፤ የልጅ ዓይን በቅጽበት ይጎዳል። ቀን ቀን ሸፍነው ያስቀምጡት።