አምስት ሰው ያየው ገዳይ

ተረት፦ ብዙ ሰው «እሱ ነው» ካለ፣ እሱ ነው።

በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከርክ ብለድስዎርዝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደፍሮ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በዕለቱ አይተነዋል ያሉት ምስክሮች አምስት ነበሩ። ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው መግለጫ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ሰው የሚል ነው፤ ከርክ ደንዳና ነበር። ከምስክሮቹም መካከል ፊቱን በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ የለዩት ነበሩ። በ1993 ከሟቿ ልብስ ላይ የተገኘው ዘር በዲኤንኤ ሲመረመር የእሱ አለመሆኑ ታወቀና ተፈታ። ሞት ተፈርዶባቸው በዲኤንኤ ነጻ ከወጡ አሜሪካውያን የመጀመሪያው ነው። እውነተኛው ገዳይ በ2003 ሲደረስበት አጠር ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለካ በሌላ ወንጀል ተፈርዶበት በዚያው እስር ቤት፣ ከከርክ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖር ኖሯል፤ ከርክም ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ያደርስለት ነበር።

የሕግ ፕሮፌሰሩ ብራንደን ጋሬት በዲኤንኤ ነጻ የወጡትን የመጀመሪያዎቹን 250 ሰዎች መዝገብ ፈትሸው በ2011 መጽሐፍ አሳትመዋል። በ190ዎቹ ላይ የዓይን ምስክር ተሳስቷል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የስህተቱ ብዛት ሳይሆን አካሄዱ ነው። ችሎት ፊት «ፈጽሞ አልጠራጠርም» ያሉት ምስክሮች፣ ከግማሽ በሚበልጡት መዝገቦች ውስጥ፣ መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሲለዩ አመንትተው ነበር። ፎቶ ሲያሳይ የነበረው መርማሪ «ጎበዝ፣ አገኘኸው» ካለ ጥርጣሬው በዚያው ይቀራል። ፈራጆቹ የሚሰሙት ከወራት በኋላ የጠነከረውን ቃል ነው። ምስክሩም አልዋሸም፤ የሚያስታውሰውን ነው የተናገረው።

ተረት፦ ያልሠራውን ወንጀል ማን ያምናል?

ከ250ዎቹ 40ዎቹ አምነዋል። በ38ቱ ቃል ውስጥ ደግሞ ወንጀለኛው ብቻ ሊያውቀው የሚችል ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ ዳኛን የሚያሳምነውም ይኸው ነው። ንጹሕ ሰው ዝርዝሩን ከየት አመጣው? ከጠያቂው። ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል፣ የወንጀሉ ሥፍራ ፎቶ ይታያል፣ ምርመራው ለሰዓታት ሲቀጥል ተጠርጣሪው «አዎ ልበልና ቤቴ ልግባ» ይላል። በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በደረሰው የመድፈር ወንጀል የተያዙ ታዳጊዎች እንዲህ አመኑ፤ ፍርዱ የተሻረው በ2002 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በግድያ ምርመራ ላይ ሲውል፣ በ1986 በሌስተርሻየር፣ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ገዳዩን መያዝ አልነበረም። አንዱን ግድያ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ያለ የ17 ዓመት ልጅ ነጻ ማውጣት ነበር።

ተረት፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይግባኝ ያርመዋል።

ይግባኝ ሰሚው በአብዛኛው የሚመረምረው ሥነ ሥርዓቱ ተጠብቆ እንደሆነ ነው፤ ምስክሩ ተሳስቶ እንደሆነ አይደለም። ከርክ በ1986 ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ደብቋል ተብሎ ፍርዱ ተሽሮለት ነበር። በ1987 ሌላ ጁሪ (የፈራጅ ዜጎች ቡድን) ፊት ቀርቦ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ፤ የሞት ቅጣቱ በሁለት የዕድሜ ልክ እስራት ተተካ።

ተረት፦ ዲኤንኤ አይሳሳትም፣ ሁሉንም ነጻ ያወጣል።

በሽጉጥ አስፈራርቶ የዘረፈ ሰው ደምም ዘርም ትቶ አይሄድም። ከ1989 ወዲህ በአሜሪካ ጥፋተኛ ተብለው በኋላ ነጻ የወጡት ከ3 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ በዲኤንኤ የወጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ናሙና ቢኖርም መርማሪው ሰው ነው። በሂውስተን ከተማ በ16 ዓመቱ የተያዘ ልጅ በ1999 በአስገድዶ መድፈር 25 ዓመት ሲፈረድበት፣ ዋናው ማስረጃ የፖሊስ ላቦራቶሪው የዲኤንኤ ውጤት ነበር። የላቦራቶሪው የዲኤንኤ ክፍል በአሠራሩ ብልሹነት በ2002 ተዘጋ። ልጁ በ2003 የተፈታውም በዲኤንኤ ነው፤ ያው ናሙና ሌላ ቦታ እንደገና ተመርምሮ።