የመጀመሪያውን የሚና ጨዋታ ስንመርጥ

የሴሚስተር ብሬክ ሲመጣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ተማሪ ግቢ ይቀራል። ላይብረሪው ባዶ ነው፤ ቀኑ አያልቅም። ከበር ውጭ ደግሞ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፤ ጫት ቤትና የውርርድ ቤት። «ምን እናድርግ?» ለሚሉን ፍሬሽ ወንድሞች «ቁርኣን ቅሩ» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሚቀራ ሰው ጥቂት ነው። እዚህ የማወራው ስለ ቀሪው ሰዓት ነው።

በእንግሊዝኛው ሮል ፕሌዪንግ ጌም የሚባል፣ ጠረጴዛ ከብበው በአፍ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። ስክሪን አይፈልግም። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ሚና ይይዛል። አንዱ ታሪክ መሪ ሆኖ «ድልድዩ ተሰብሯል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ የምትመልሱት ታሪኩን ይቀይረዋል። በልጅነቱ እንቆቅልሽ ተጫውቶ ሲሸነፍ ሀገር የሰጠ ሰው ነገሩ ብዙም አይከብደውም። ልዩነቱ እዚህ የተጻፈ ደንብ መኖሩ ነው፤ የሞከራችሁት ይሳካ አይሳካ የሚወስን መንገድም አለው። ጣጣው ያለው እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

እኛ እንደ ብዙ ሰው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጀመርን። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት፣ የሌሎቹ ሁሉ አባት የሆነ ጨዋታ ነው። ዋና መጻሕፍቱ ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ ናቸው። ከባለ 4 ገጽ እስከ ባለ 20 ገጽ የተለያዩ ዳይሶችም ይፈልጋል። የመጀመሪያው ምሽት ሰው ለመፍጠር ብቻ አለቀ። ክሌሪክ የሚባለውን ሚና የወሰደው ጓደኛችን «የምታመልከውን አምላክ ምረጥ» የሚል መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠና ወጣ። ሌላው ዋርሎክ ነበር፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከማይታይ ፍጡር ጋር በሚገባው ውል ሲሆን ከምርጫዎቹ አንዱ ሰይጣናዊ ፍጡር ነው። «ጨዋታ እኮ ነው» ያለም ነበር። እኔ ግን የወጣውን ልጅ አልወቀስኩትም። ዐቂዳው ላይ ቀልድ የማይፈልግን ሰው «አታካብድ» ማለት ከጨዋታው ብቻ ሳይሆን ከጀመዓው ያርቀዋል፤ እሱም ለሁለት ሳምንት ያህል ሸሸን። ፋይተር ወይም ሮግ ቢመርጥ ይህን መስመር ያልፈው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ዳይሱ ነው። ነርድን በብርቱ የሚያወግዝ ሐዲሥ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ቁማር ባይኖርበት እንኳ ሐራም ይሉታል። የሻፊዒያ የፊቅህ መጻሕፍት መለያ ያስቀምጣሉ፤ መሠረቱ ሒሳብና ማሰብ የሆነ ጨዋታ አንድ ነገር ነው፣ መሠረቱ ግምትና ዕድል የሆነ ሌላ። ዳይሱን በስልክ አፕ መተካት በዚህ መለያ ምንም አይለውጥም፤ ዕድሉ ያው ዕድል ነው። የዘመናችን ዑለማዎች ቁማር በሌለበት ዳይስ ላይ ይለያያሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ የሲቪል ተማሪ ነኝ፤ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ለጀማሪ ቡድን ግን የሚሻለው ይህን ክርክር የማያስነሳ ጨዋታ ይመስለኛል። አንድ ሰው እንኳ ልቡ እየቆረቆረው ከተቀመጠ ጨዋታው አይሞቅም።

ከሞከርናቸው የወደድኩት ዘ ኳየት ይር ነው፤ ጸጥተኛው ዓመት እንበለው። አቨሪ አልደር የተባለች ካናዳዊት እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣችው። ከሁለት እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ታሪክ መሪ የለውም። ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ የተረፈ አንድ ማኅበረሰብ አንድ ሰላማዊ ዓመት ያገኛል፤ እናንተ ደግሞ ባዶ ወረቀት ላይ ካርታውን እየሳላችሁ ዓመቱን ትገፋላችሁ። 52 የመጫወቻ ካርዶች አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ሳምንት፣ አራቱ ዓይነቶች አራቱ ወቅቶች። ካርድ ዶርም ውስጥ ስሙ ከቁማር ጋር ስለሚነሳ እኛ 52 ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍነው። እዚህ ወረቀቱ የሚያወጣው ጥያቄ እንጂ አሸናፊ አይደለም፤ ያም ቢሆን የሚከብደው ሰው ካለ አትጫኑት። ዳይስ የሚገባው የሥራ ሳምንት ለመቁጠር ብቻ ነው፤ በሽምብራ ተካነው።

ተራው የደረሰው ሰው አዲስ ነገር ያገኛል፣ ሥራ ያስጀምራል፣ ወይም ውይይት ይጠራል። ውይይቱ ነው የሚገርመው። እያንዳንዱ ሰው በየተራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ ያለ ውሳኔ ያልቃል። መጀመሪያ ተናደድን። የግቢ ስብሰባ የለመደ ሰው መልስ መስጠት ይወዳል! ሳያማክሩህ ሥራ ከጀመሩ ደግሞ ክርክር የለም፤ ከመሐል አንድ ጠጠር አንስተህ ፊትህ ታስቀምጣለህ፣ ቅሬታህ ለሁሉም ይታያል። ስለ ሹራ ብዙ ኹጥባ ሰምቻለሁ፤ ያልተማከረ ሰው ፊት ጠጠር ሲከመር ማየት ግን ሌላ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፁን ያልሰማነው አንድ ፍሬሽ ተራው ደርሶ የውኃ ጉድጓድ ሳለ፣ «ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?» ብሎም ጠየቀ። የቀረውን ምሽት ያወራነው ስለዚያ ቁልፍ ነው።

ደንቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ካነበበው ሌሎቹ በአማርኛ ይጫወታሉ።

ሚና መያዝ ለሚፈልጉ ድሬድ አለ። አስፈሪ ታሪክ ነው፤ ከባድ ሙከራ ሲመጣ ከጄንጋ ማማ አንድ እንጨት ትስባለህ፣ ማማው ከወደቀ ሚናህ ከታሪኩ ይወጣል። የሚወስነው እጅህ ነው። 54 እንጨት ይበቃል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት የወርዱ ሦስት እጥፍ፣ ውፍረቱ የርዝመቱ አንድ አምስተኛ። አናጺ ከጣውላ ቁራጭ ይቆርጠዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈተገ ግን አይሳብም። ጂንና ድግምት ያለበትን ታሪክ ትታችሁ በረሃ ላይ የተበላሸ አውቶቡስ ብትመርጡ በቂ ያስፈራል።

ስለ ሰዓት፦ ጸጥተኛው ዓመት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከዐስር በኋላ ከጀመራችሁ በጋው ላይ መግሪብ ይደርሳል። እኛ ወረቀቱን እንዳለ ትተን ወደ መስጂድ እንሄዳለን፤ ስንመለስ የሚጠብቀን ክረምቱ ነው። በሩን መቆለፍ አትርሱ፤ አንድ ጊዜ የዶርም ልጆች ካርታችን ላይ የኳስ ሜዳ ስለውበት ጠበቁን፣ እሱንም ሳንሰርዝ ቀጠልን።