ብረት ስለ ነካው ዕጢ

በአሶሳና በዙሪያዋ፣ እንዲያውም በአገሩ ሁሉ፣ ዕጢ ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይዛመታል፣ ባለቤቱንም ይዞ ይሄዳል የሚል አሳብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ አሳቡም ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም፣ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ደዌው ከጸና በኋላ ስለ ሆነ ሞት በተከተለ ጊዜ ጥፋቱ በቢላዋው ላይ ይላከካልና። እውነቱ ግን፣ በአከርካሪ ላይ የበቀለ ዕጢ ሰውን ሽባ የሚያደርገው ሳይነካ እያደገ ኅብለ ሰረሰርን ስለሚጫነው ነው።

እንቅርትም ከመልክ በቀር ምንም አይጎዳም ይባላል። አብዛኛው በእርግጥ ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን በመሰለ የአዮዲን እጥረት በኖረበት ምድር (ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት ዘንድ በመንግሥት ደንብ የታዘዘው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው) ጎልቶ የሚታየው ፎሊኩላር የተባለው የታይሮይድ ካንሰር በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በአከርካሪ ላይ ያርፋል፣ በዚያም የሚያበቅለው ዕጢ እጅግ ደም የጠገበ ነው። ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ሲይዘው፣ ብርድ ነው ብሎ በወጌሻ ከመታሸቱ በፊት፣ ሁለቱን ነገር ለሐኪም አጣምሮ ይንገር። የአከርካሪ ቲቢም ይህንኑ መስሎ ይመጣልና፣ እርሱ በመድኃኒት የሚድን ስለ ሆነ፣ ናሙና ተወስዶ መለየቱ ግድ ነው።

ደም በብዛት ከተዘጋጀ የዚህ ዓይነቱ ዕጢ ቀዶ ጥገና ቀላል ነው የሚሉም አሉ። የሠለጠነው ሥራ ግን ከቢላዋው አስቀድሞ ይጀመራል፤ የክልሉ ወርቅ አውጪዎች የጅረቱን አልጋ ከመቆፈራቸው በፊት ውኃውን እንደሚያስቀይሱ፣ ሐኪሙም በብሽሽት የደም ቧንቧ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ዕጢውን የሚመግቡትን ሥሮች በደቃቅ ቅንጣት ይደፍናቸዋል፣ ሌሎች ሥሮች ተክተዋቸው ሳይከፈቱም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገናው ይከናወናል። መድፈኑ ብቻውን ፈውስ አይደለም፣ አደጋም አለው፤ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ከደረት ታችኛ ክፍል የሚነሣው፣ አዳምኪቪች የተባለው የኅብለ ሰረሰር መጋቢ የደም ሥር ዕጢውን ከሚመግበው ከዚያው ሥር ከወጣ፣ መድፈኑ ይተዋል፤ ያንን ሥር መዝጋት እግሮቹን መግደል ነውና።

እንዲህ ያለው ሥራ ከአሶሳ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ የሚፈለግ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነበር። የመንገዱ ርዝመት የሚከብደው በቀጠሮ ለሚዘገይ ነው፤ እግሩ መዛል የጀመረ ወይም ሽንቱ የታገደበት ሰው ግን በዚያው ቀን መላክ አለበት፣ በእግሩ እየሄደ ለሕክምና የደረሰ አብዛኛውን ጊዜ እየሄደ ይመለሳልና፣ ሽባ ሆኖ የቆየ ግን እግሩን መልሶ የሚያገኘው ከስንት አንድ ነው።