መሃል ፈላጊዎቹ ፕሮቲኖች

በሰው አንጀት ውስጥ የምትኖረው ኢ ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ በትር መሳይ ናት፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ምግቡም ሙቀቱም ከተመቻት በ20 ደቂቃ ገደማ ለሁለት ትከፈላለች፤ የምትከፈለውም መሃሏ ላይ ነው። ያን መሃል የሚያገኙላት ሚን-ሲ፣ ሚን-ዲ እና ሚን-ኢ የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው። እነሱ ከተጓደሉ ጫፏ ላይ ትቆረጥና ዲኤንኤ የሌለው፣ መራባት የማይችል ድንክ ሕዋስ ይወጣታል።

ሥራውን የሚጀምረው ሚን-ዲ ነው። ጅራቱ ላይ አጭር ጥምዝ አለው፤ የጥምዙ አንዱ ጎን ቅባት፣ ሌላው ጎን ውሃ ይስማማዋል። የሕዋሷ ሽፋን ቅባት ስለሆነ ጅራቱ ሊሰካበት ይችላል፤ ብቻውን ግን አይጸናም። ጉልበት ተሸካሚውን ሞለኪውል ኤቲፒን ሲይዝ ከመሰሉ ጋር ይጣመራል፤ ያኔ ሁለቱ ጅራቶች ሽፋኑን አጥብቀው ይይዛሉ። ቀድመው የሰፈሩት ሌሎችን እየሳቡ ይበዛሉ፤ ሚን-ሲም በእነሱ ላይ ተጣብቆ ይመጣል።

ሚን-ኢ 88 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሚን-ዲን የሚጨብጥበትን ክፍል አጥፎ ደብቆ ይዞራል፤ ሽፋኑ ላይ ሲያገኘው ቅርጹን ለውጦ ይዘረጋዋል። ሲጨብጠው ኤቲፒው ይሰበራል፣ ጥንዱ ይፈታል፣ ሚን-ዲ ከሽፋኑ ይላቀቃል። የተላቀቀው አዲስ ኤቲፒ እስኪይዝ ድረስ በሕዋሷ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ሚን-ኢ ባልበዛበት በሌላው ጫፍ ይሰፍራል። ሚን-ኢ እዚያም ይደርስበታል። ምልልሱ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ዴቪድ ራስኪን እና ፒት ደ ቡር እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን-ዲን አብሪ ፕሮቲን አስይዘው ይህንኑ በማይክሮስኮፕ አሳይተዋል።

አብሮ የሚመላለሰው ሚን-ሲ፣ ሕዋሷን የሚከፍለው ቀለበት እንዳይሠራ ይከለክላል። ጫፎቹ ላይ ስለሚያዘወትር ክልከላው የሚላላው መሃል ላይ ነው፤ ቀለበቱም እዚያ ይሠራል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመን ውስጥ ፔትራ ሽቪለና ባልደረቦቿ ያሳዩት ነው። ጠፍጣፋ የቅባት ንጣፍ ላይ የተጣሩ ሚን-ዲና ሚን-ኢን ከኤቲፒ ጋር ጨመሩ። ባክቴሪያ በሌለበት፣ ፕሮቲኖቹ በራሳቸው ተሰልፈው ንጣፉ ላይ የሚጓዝ ማዕበል ሠሩ። የማዕበሉ ርዝመት ከባክቴሪያዋ ርዝመት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለችው ሌላ ባክቴሪያ ሚን-ሲና ሚን-ዲ አሏት፣ ሚን-ኢ ግን የላትም። በእሷ ዘንድ ምልልስ የለም፤ የታጠፈ ሽፋን ለይቶ የሚቀመጥ ሌላ ፕሮቲን ሁለቱን ጫፎቹ ላይ ያቆያቸዋል።