ማዶ የሌለው ድልድይ፦ የእንግሊዝ ፒየሮች ለምን እንዲያ ረዘሙ?

መተማ ዮሐንስ ላይ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ማዶ ጋላባትን ያገኛል። እስቲ አሁን ማዶ የሌለው ድልድይ አስቡ። ከባሕር ዳርቻ ይነሳና በቀጫጭን የብረት እግሮች ቆሞ ወደ ውሃው ይዘልቃል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያልቃል። ጫፉ ላይ ካፌ ወይም ቲያትር ቤት ሊኖር ይችላል። ሰው እስከዚያ ሄዶ፣ ነፋስ ተቀብሎ፣ አሳና ድንች ጥብስ በልቶ ይመለሳል። እንግሊዞች “ፒየር” ይሉታል። የሳውዝኤንዱ ከ2 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ጫፉ ድረስ የሚወስድ ባቡር አለው።

ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ ከመሰላችሁ፣ አይደለም። ፒየር መጀመሪያ የመርከብ ማራገፊያ ነው። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ዳርቻዎች ተዳፋታቸው አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሳውዝኤንድ ላይ ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጭቃ ትቶ ነው። የጣና ውሃ በክረምትና በበጋ እንጂ በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ አይልም፤ የደንገል ታንኳም ቀላል ስለሆነች ዳር ድረስ ትጠጋለች። ትልቅ መርከብ ግን ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። የራይድ ፒየር እ.ኤ.አ. በ1814 ከመከፈቱ በፊት ተሳፋሪው በተሸካሚ ጀርባ ታዝሎ ይወርድና ቀሪውን መንገድ በእርጥብ አሸዋ ላይ በእግሩ ያዘግም ነበር። መርከቡ ወደ መሬት መምጣት ካልቻለ፣ መሬቱን ወደ መርከቡ ማስረዘም ነዋ!

አሸዋ ላይ እንዴት ይቆማል? አሌክሳንደር ሚቼል የተባለ ዓይነ ስውር የአየርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1833 ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ምሰሶ አስመዘገበ። ምሰሶው በመዶሻ አይመታም፤ እየተሽከረከረ ይገባል። ሳውዝፖርት ላይ ደግሞ ውሃ በግፊት ወደ ምሰሶው ሥር ተላከ፤ አሸዋው ሲላላ ምሰሶው በክብደቱ ሰመጠ። እግሮቹ የቀጠኑት ለጌጥ አይደለም። ማዕበል ግድግዳ ካገኘ በሙሉ ኃይሉ ይመታዋል፣ ቀጭን ምሰሶ ካገኘ ግን በግራና በቀኝ ያልፋል። በወለሉ ጣውላዎች መሃል ያለው ክፍተትም ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል። ልጆች በዚያ ክፍተት አጎንብሰው ከእግራቸው ሥር የሚናወጠውን ባሕር ያያሉ። ለእኔ የፒየር ውበት እዚያ ላይ ነው። ቆይቶ ከተሳፋሪው ይልቅ ለመንሸራሸር የሚመጣው በዛ፣ መግቢያ ተከፈለ፣ ሙዚቃው ተከተለ።

ፒየር በእንግሊዝ ፋሽን በሆነበት በዚያው ዘመን አንዱ የተሠራው ለእኛ ነው፤ ማለቴ፣ በእኛ ላይ። የብራይተን ምዕራብ ፒየር እ.ኤ.አ. በ1866 ተከፈተ። በዓመቱ፣ በጥቅምት 1867፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በዛሬዋ ኤርትራ ዙላ ላይ ወረዱ። ምክንያቱ የመተማ ጎረቤት ከሆነችው ቋራ የተነሱት አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ነበሩ። የቀይ ባሕር ውሃ መሙላትና መሸሽ እንደ እንግሊዝ የጎላ ባይሆንም የዙላ ዳርቻ ጥልቀት የለውም፤ መርከቦቹ መጠጋት አልቻሉም። ስለዚህ አገራቸው ላይ የሚያውቁትን ሠሩ፦ ወደ ባሕሩ የተዘረጋ ፒየር፣ ከዳርቻውም ወደ መሃል አገር የሚሄድ ባቡር። መድፍ እንዲሸከሙ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ በዚያ ወደብ ወረዱ። ጦሩ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ስለ መቅደላ ብዙ ተጽፏል፤ ያን ሁሉ ስንቅና መሣሪያ ያራገፈው ዙላ ግን ብዙም አይነሳም።

እንግሊዞች ራሳቸው የፒየርን ነገር አልዘነጉትም። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን በባሕር መጥታ ትወርራለች ተብሎ ሲፈራ፣ የብዙዎቹን ፒየሮቻቸውን መሃል ቆርጠው ጣሉ፤ ጠላት ጫፉ ላይ ቢወርድ እንኳ ወደ ከተማው መራመድ እንዳይችል። ከጦርነቱ በኋላ የተጠገነው ተጠገነ። የቀረውን እሳት፣ ማዕበልና የጥገና ወጪ ፈጀው፤ ከ100 ገደማ ዛሬ የቀሩት 60 ያህል ናቸው። የብራይተን ምዕራብ ፒየር እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ አጽሙ ባሕሩ ውስጥ ቆሟል። የክሊቭደኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ጥንካሬው በክብደት ሲፈተሽ፣ በፍተሻው ላይ እያለ ተደረመሰ። የከተማው ሰዎች አልተውትም፤ ገንዘብ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደገና ተከፈተ። እግሮቹ የተሠሩት ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ ነው።