ግድግዳ የራሱን አፈር ይወዳል

ጎንደር ያለው የእናቴ ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው። የጓዳው ምርጊት በጣሪያ ፍሳሽ ሲረግፍ በሲሚንቶ አስደፈንነው። ክረምቱ ሳይወጣ ከነጭቃው ተገንጥሎ ወደቀ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ እርጥበቱንም ያፍናል።

ዘንድሮ ራሴ ጀመርሁ። የላላውን ማገሩ እስኪታይ ፈቅፍቄ አወረድሁ። ከደህናው ምርጊት ጠርዝ ላይ ምስማር ሰክቼ ውፍረቱን ለካሁ፤ 4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግሬ ረግጬ ለቀናት አሳደርሁት። ባንዴ ወፍራም ከተመረገ ስለሚሰነጠቅ መጀመሪያ 3 ሴንቲ መርጌ፣ ገጹን ሸካራ አድርጌ ተውሁት። ሲደርቅ ውኃ ረጭቼ የቀረውን ሞላሁ። ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ በግራና በቀኝ ያለውን አሮጌ ምርጊት አስደግፌ ትርፉን ጠረግሁ። አሁን በመዳፌ ስዳብሰው መጋጠሚያው አይታወቅም።

በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደሩ የፋሲል ግቢም ይህንኑ የሲሚንቶ ጣጣ አይቷል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባበት ሲሚንቶ በኋለኛው ጥገና እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። ቤተ መንግሥትም ሆነ ጎጆ፣ አሮጌ ግድግዳ የሚድነው በተሠራበት ነገር ነው።